ሰባተኛው ምዕራፍ ይውጣ

ደምበጫ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርከው የአጎቴ ልጅ ለጋሼ ጌታሰው ውበቱ፣
ኖርዌይ፣ ኦስሎ

የከበረ ሰላምታዬ ባለህበት አገር ይድረስህ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ እትዬ ያለምወርቅም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ከመድከሙ በቀር ቤታቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ጥጣቸውን ይፈትላሉ፣ የሰነፈ ሰው ካዩም ይሳደባሉ። በየቀኑ እየሄድኩ አያቸዋለሁ።

ሰላምታው አልቋል። አሁን ንዴቴን ልጻፍ።

መጽሐፌን ከያዝከው ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። «በወሩ አንብቤ እመልሳለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። ስደውልልህ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልክ። ቀጥሎ እዚህ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ለቀድሞ የጋዜጣ ቤት ባልደረባህ ለይታያል እልካለሁ፤ እሱ ፎቶ አንሥቶ ያስተላልፍልህ። ደጀን ላይ መንገዱ ከተከፈተ ነው እንግዲህ።

መጽሐፉ ስለ ወንድሜ ስለ ዘመነ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰው ሲጠይቀኝ ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩት እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የጻፍኩት በአንድ ዓመት ነው። ስምንቱን ዓመት ሳርመው ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ጊዜ ሞልቶኛል። ጠዋት ተነሥቼ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣለሁ፣ «ጭጋጉ» የሚለውን ሰርዤ «ጉሙ» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ «ጉሙ»ን ሰርዤ «ጭጋጉ» እላለሁ። ሲመሽ ወገቤ ተቆርጧል። ምን ሠራሽ ብትለኝ ምንም።

አንተ የሰው ጽሑፍ በማረም ዕድሜህን የጨረስክ ሰው ነህ። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በለኝ። ካላነበብከውም አላነበብኩትም በለኝ። ዝም ግን አትበለኝ። ዝምታ በቤታችን በቅቶናል።

እመ ብርሃን ከክፉ ትጠብቅህ። ንዴቴ ግን እንዳለ ነው።

የአጎትህ ልጅ
ፋንታነሽ


ኦስሎ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፋንታነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ የድንግል ልጅ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ ብልጭ ብላ የምትጠፋበት ወራት ነው። እናቴን ስለምትጠይቂልኝ እግዜር ይስጥሽ። ጉልበቷ እንዴት ነው? ያልጻፍሽልኝ ነገር ካለ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

መጽሐፉን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ምክንያቱም አንቺም አናደሽኛል።

አንቺ አታርሚም። አንድ ሰሃን ይዘሽ ቀኑን ሙሉ ታጥቢያለሽ፤ የቀረው ዕቃ ከነቅባቱ ተቆልሎ ይጠብቅሻል። ይህ ስንፍና አይደለም። ሰነፍ ብትሆኚማ መጽሐፉ እስካሁን ታትሞ ነበር! የመጀመሪያው ምዕራፍሽ ከመታሸቱ ብዛት ነፍሱ ወጥቷል፤ አሥራ አንደኛው ግን ከተጻፈ ጀምሮ ሰው የነካው አይመስልም። አንዲት ሴትዮ በሦስተኛው ምዕራፍ ሞታ በዘጠነኛው ሠርግ ላይ ስትጨፍር አግኝቻታለሁ። ይህን ሳታዪ ነው በጉምና በጭጋግ ስትከራከሪ የከረምሽው።

ስሚኝ። መጀመሪያ ቤቱ ይቁም አይቁም ወስኚ። የትኛው ምዕራፍ ይኖራል፣ የትኛው ይሄዳል፣ የቱ ይቀድማል። ይህን ሳትጨርሺ አንዲት ቃል እንዳትነኪ። ሊፈርስ የሚገባው ግድግዳ ላይ ነው ስምንት ዓመት ኖራ ስትቀቢ የኖርሽው። እሱ ካለቀ በኋላ ወደ አንቀጹ ግቢ፣ ከዚያ ወደ ዓረፍተ ነገሩ። ሐመሩ ሐ ነው ሃሌታው ሀ የሚለውን ጭቅጭቅ ለመጨረሻው ቀን አቆዪው፤ ለእሱ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ሁሉን ባንድ ጊዜ አርማለሁ የሚል ሰው ምንም አያርምም።

ከመጀመሪያው ገጽ መነሣትሽንም ተዪ። ከሁሉ አብልጠሽ ከምትጠዪው ምዕራፍ ጀምሪ፤ ጉልበት እያለሽ እሱን ተገላገዪው። ለሥራው ሰዓት ወስኚለት፤ ሰዓቱ ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ብትሆኚም ተነሺ። ነገ ስትመጪ የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ። የጨረስሽውን ምዕራፍ ሳጥን ውስጥ ቆልፊበትና ይክረም፤ ከዚያ ላላነበበው ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ችግር አለ፤ ሰሚሽ ያዛጋበት ቦታ የባሰ ችግር አለ።

ደግሞ ያጌጥሽበትን ቦታ ሁሉ ተጠራጠሪው። ሰው በጽሑፍ የሚያጌጠው ሲፈራ ነው። እናትሽ ያረፉበትን ምዕራፍ ተመልከቺ፤ አንድ ትርፍ ቃል የለውም። እዚያ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ አልቅሻለሁ። «እንደ ንጋት ኮከብ» ያልሽበት ቦታ ሁሉ ግን ሽሽት ነው።

በየገጹ ያረምኩትን ይታያል አትሞ ይልክልሻል። አንድ ነገር ቀርቷል። ሰባተኛው ምዕራፍ ይውጣ። መጽሐፉን ያጓትተዋል፣ አንባቢ ይሰለቻል፣ ከስድስት ወደ ስምንት ብትሻገሪ ማንም ልብ አይልም። ይታያል አሳታሚ አግኝቶልሻል፤ ሰባተኛው ወጥቶ ከደረሰው በክረምት ያወጡታል።

ለእናቴ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ
ጌታሰው


ደምበጫ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ጌታሰው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ባለንበት አለን። ደብዳቤህና እርማትህ የደረሱኝ በገና ሰሞን ነው፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ስለሱ አልጽፍም። እናትህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ቆላ ሊወርዱ ሲያስቡ ብቻ ነው። ሳምኩልህ፤ «ራሱ መጥቶ ይሳም» አሉ።

እርማትህን ሳይ መጀመሪያ ወረቀቱን ወረወርኩት። ገጹ ሁሉ ቀይ! የዘመነን ዋሽንት የገለጽኩበትን ስድስት ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ ስታወርደው እጅህን መስበር አምሮኝ ነበር። ሁለት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አነሣሁትና እውነትህን እንደሆነ አየሁ። ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

እንዳልከው አደረግኩ። ከምጠላው ከአሥራ አንደኛው ጀመርኩ። የሞተችውን ሴትዮ ከሠርጉ አስወጣሁ። ጠዋት ላይ ብቻ እሠራለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ የስድስት ሰዓት ደወል ሲደወል ብዕሬን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ ቃል ልለውጥ ሲል «ቆይ፣ ይህ ምዕራፍ ይኑር አይኑር ገና አልወሰንሽም» እያልኩ እመታዋለሁ። ስምንት ዓመት ያላለቀው በዚህ በጋ ከግማሹ በላይ አለቀ። አመሰግንሃለሁ። ምስጋናዬን በደንብ አንብበው፤ ከዚህ በኋላ ምስጋና የለም።

በሌሎቹ ምዕራፎች ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላለፈችህም። በሰባተኛው ላይ ግን አንዲት ምልክት የለም። ከጥግ እስከ ጥግ ያሰመርካት አንዲት መስመር ብቻ ናት ያለችው። አንተን የመሰለ ሙያተኛ እንዲህ አያርምም። «አንባቢ ይሰለቻል» ብለሃል። የሚሰለቸው ማን ነው?

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ዓመቱ ሰማንያ ነው፣ ቀኑ የደምበጫ ገበያ። አባትህ አጎቴ ውበቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አስገባ ተብሏል። መኪናው ገበያው ዳር ቆሟል። ዘመነና እኔ የእማዬን ጌሾ ልንሸጥ መጥተናል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የሚያርሰው ዘመነ ነበር፤ የመበለት አንድ ወንድ ልጅ አይነካም ይባል ነበር። አንተ መኪናው ላይ ነበርክ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሰው እግር መሐል ሆኜ ያየሁት የአጎቴን እጅ ነው። ያ እጅ አንተን ከመኪናው አወረደ። ያው እጅ ዘመነን አወጣ። መኪናው ሄደ። ዘመነ አልተመለሰም፣ ሞተም ብሎ የነገረን የለም። እማዬ ተዝካሩን ያወጣችው መጠበቅ ሲታክታት ነው።

ይህ ነው የሚሰለቸው?

ምክርህን ተቀብያለሁ። ሰባተኛው ግን አይወጣም።

ፋንታነሽ


ኦስሎ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፋንታነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። መልስ መስጠት አይችልም። አንቺ በሰው እግር መሐል ሆነሽ ያየሽውን አንድ እጅ ይዘሽ ሬሳ ልትሰቅዪ ተነሥተሻል። ታሪክ አይባልም ይህ። የዘመድ በቀል ነው፤ በመጽሐፍ ልባስ ተሸፍኗል እንጂ። ያስተማርኩሽን ሙያ መልሰሽ በእኔው ላይ ስለሽ መጣሽ።

ያን ጊዜ መኪናው ላይ የነበርኩት እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ስምንት ዓመት ያረምሽው የማታውቂውን ስለጻፍሽ ነው፤ ሺህ ዓመት ብታርሚውም አይቃናልሽም።

ለይታያል ነግሬዋለሁ፤ ሰባተኛው እያለ መጽሐፉን አይነካውም። ሌላም ልንገርሽ። እናቴ ዘንድ ስለዚህ መጽሐፍ አንዲት ቃል እንዳይሰማ። እንዲያውም ካሁን ወዲያ ባትሄጂባት ይሻላል። የሚያስፈልጋትን ነገር በሌላ ሰው በኩል አስደርጋለሁ።

ጌታሰው


ደምበጫ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጌታሰው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ይህን የምለው ወጉ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። «እናቴ እንዳትሰማ» ያልከው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እናትህ ሰምተዋል። እንዲሰሙ ያደረግከውም አንተ ነህ፤ ላላነበበ ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢ ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ከእሳቸው የተሻለ ሰሚ ከየት አመጣለሁ? ከየካቲት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አንድ አንድ ምዕራፍ አነብላቸው ነበር። እሳቸው ይፈትላሉ፣ እኔ አነባለሁ። እንዝርቱ ካላቋረጠ ያ ቦታ ይቆረጣል ማለት ነው፤ እንዝርቱ ከቆመ ምዕራፉ ደህና ነው። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። የእማዬን ሞት ሳነብ ጥጡ መሬት ወድቆ አላነሡትም ነበር።

ስድስተኛውን በጨረስኩ ማግስት ስምንተኛውን ጀመርኩ። ፈርቼ ነው፣ አልዋሽህም። ባላቸው ናቸው፤ እንዴት ብዬ አነብላቸዋለሁ? ገና አንዱን አንቀጽ ሳልጨርስ፣

«ኸስድስት ወደ ስምንት ዘለልሽሳ?» አሉኝ። «ማንበብ ባልችል ቁጥር የማላውቅ መሰለሽ?»

«አይ እትዬ፣ ሰባተኛው ገና ነው፤ አልታረመም።»

«አልታረመም ወይስ አልተደፈረም?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩ። እንዝርቱ የቆመው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ገበያውን፣ መኪናውን፣ ጌሾውን አነበብኩ። «የአጎቴ እጅ» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው። እሱን ሰርዢው፤ ውሸት ነው።»

እንዳንተ ለእሱ ሊከራከሩ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» አልኳቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም።

«እጁን አየሽ» አሉ። «ጣቴን አላየሽም።»

ከዚያ ነገሩኝ። ቃላቸውን እንደ ወረደ ነው የምጽፍልህ። «የገዛ ልጁን መኪና ላይ የጫነው ውበቱ ራሱ ነው። የራሴን ደብቄ የሰው ልጅ አምጡ ብል በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ ብሎ፣ ጠዋት ቁርሱን አብልቶ ይዞት ወጣ። እኔ ኋላ ሰማሁ። ነጠላዬን ጥዬ ሮጬ ደረስኩ። ልጄን አውርዱልኝ አልኩ። ወታደሩ ቁጥሩ አይጎድልም አለ። ዞር ብል ዘመነ ጌሾውን ታቅፎ ቆሟል። ያ አለ አይደለም ወይ አልኩ። በጣቴ አሳየሁ። ውበቱ አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ልጄን አወረደ፣ ያንን ወሰደ።»

ይህን ብለው እንዝርታቸውን ፈለጉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ መሬቱን ዳበሱ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አላነሣሁላቸውም።

ጌታሰው፣ የዘመነን ተዝካር ጠላ የጠመቁት እናትህ ናቸው። እማዬ በታመመች ጊዜ እግሯን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ወልደው እንዳሳደጉኝ ነው የማያቸው። ወረቀቱን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ የተሳደብኩትን ስድብ ንስሐ አባቴ ቢሰሙ ቀኖናው አያልቅም ነበር። ከዚያ ብዙ ቀን አልሄድኩም፤ ውሃ የሚቀዳላቸው ጎረቤት ነበር።

ኋላ ሄድኩ። ታርቄ እንዳይመስልህ፤ ወረቀቱን ላመጣ ነው የሄድኩት። ወረቀቱን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አድርገውታል። «አቃንተሽ ጻፊው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ስምንት ዓመት ያጌጥኩት ምዕራፍ ነበር። የገበያው ቀለም፣ የሰማዩ መልክ፣ ዘመነ እያለቀሰ «እናቴን አደራ» ሲል። ስላልሰማሁት ከራሴ አፍ አውጥቼ የሰጠሁት ቃል ነው። ያ ሁሉ ጌጥ ምን ይሠራ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ የማላውቀውን ቀዳዳ ይሸፍን ነበር። ልክ ብለሃል፣ ሰው የሚያጌጠው ሲፈራ ነው። አዲሱን ሰባተኛ በሦስት ጠዋት ጨረስኩት። አራት ገጽ አይሞላም። አንድም ኮከብ የለበትም።

አንተ መኪናው ላይ ነበርክ፣ ከሰው ሁሉ በላይ። እኔ ያላየሁትን ማየት የምትችል አንተ ነበርክ። ጣታቸውን አይተሃል ወይስ አላየህም? መልስልኝ። ካልመለስክልኝም አንተ ዝም እንዳልክ እጽፋለሁ።

ፋንታነሽ


ኦስሎ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፋንታነሽ፣

አይቻለሁ።

ይህን ከኔ አፍ ለማውጣት ከሆነ ይኸው ወጣልሽ። ለአባቴ የምከራከር መስሎሽ ነበር። አባቴንማ ሰው ሲረግመው እያየሁ ነው ያደግኩት፤ የዳንኩት በእሱ እጅ ነው ብለው ልጆች ሲሰድቡኝ አንድ ቀን አፌን አልከፈትኩም። ብከፍተው የሚወጣው የእናቴ ስም ነዋ! ምዕራፍሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የጻፍሽው አልነበረም። ያልጻፍሽው ነው። ያቺን እጅ አንድ ሰው ቢጎትታት ጣቲቱ ተከትላ ትመጣለች ብዬ ነው ያን መስመር ያሰመርኩት። ይኸው ጎተትሻት።

አሁን ደስ አለሽ? እኔ እዚህ ሰው አገር ሆኜ፣ እሷ እዚያ ብቻዋን ዓይኗ ደክሞ፣ ይህን ከጉሮሮዋ አወጣሽ። አንቺ መጽሐፍ አገኘሽ። እሷ ምን አገኘች?

እንደ አራሚ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጠይቀሽኛልና። ዘመነ አላለቀሰም። «እናቴን አደራ»ም አላለም። እሱ ሲወጣ እኔ ስወርድ መሰላሉ ላይ ተገናኘን። ያለኝን ልንገርሽ? «ውረድ እንጂ፣ እግሬን አትርገጠኝ» ነው ያለኝ። ይኸው ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እግሩን እንደረገጥኩ ነው ያለሁት።

ይህን ጻፊው። የቀረውን ግን ስሚኝ፤ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ። ሰባተኛው ይውጣ ማለቴን ትቻለሁ። ይግባ። ግን መጀመሪያ እንደ ነበረው ይግባ፤ በአባቴ እጅ። ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙም እንደሆነ ጠፍቷል፣ አንድ ገጽ ቢጨመርበት አይከብደውም። እሱን ውሰጂው፣ ሰጥቼሻለሁ። እናቴን ተይልኝ። እሺ ካልሽ ይታያል ነገውኑ ወስዶ ያስገባዋል።

ይህን ደብዳቤ እንዳታነብቢላት።

ጌታሰው


ደምበጫ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጌታሰው፣

የምጽፈው እኔ ፋንታነሽ ነኝ። ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብኩላቸው፤ ሁሉንም፣ «እንዳታነብቢላት» ያልከውንም። «እኔ የምልሽን ሳታቃኚ ጻፊ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው። አንዲት ቃል አልነካሁበትም።

ጌታሰው ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ። የፈዘዘው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው፤ የጻፍከውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

ተቆጥቼሃለሁ። አባትህን ሰጥቼሻለሁ አልክ አሉ። ያንተ ነው ወይ የምትሰጠው? ያን ቀን እኔ የሰው ልጅ ሰጠሁ፤ ዛሬ አንተ የሞተ ሰው ትሰጣለህ። ዓይንህ የአባትህ ነው እያልኩ ነበር የምጽናናው። ጣትህ ግን የኔ ሆነች።

ውበቱ ኸዚያ ቀን ወዲያ ኸሰው አልቀላቀል አለ። ማኅበር ሲጠጣ ጥግ ነበር የሚቀመጥ። የወንድሙን ልጅ የሸጠ ሲሉት ሰምቶ ቤት ይገባል፤ ለኔ አይነግረኝም። ስድቡን ለኔ ብሎ እንደሚሸከመው እኔ አውቃለሁ። አንድ ቀን በቃኝና፣ በል ውጣና እሷ ናት በላቸው አልኩት። አንቺ እናት ነሽ አለኝ። ይችን ቃል እስተ ዛሬ አልወደድኳትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የፋንታነሽ እናት የሞተች ዕለት እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ውሃ ላምጣልሽ አልኳት።

እናቴ ምን አገኘች ብለህ ጠይቀሃል። እንግዲህ እኔ ልንገርህ። ይኸ ነገር የወጣ ዕለት ፋንታነሽ ጮኸችብኝ። እስተዛሬ ሁሉም እያዘነልኝ ነበር፤ ልጇ ሩቅ አገር ያለ፣ ባሏ የሞተባት እያሉ። የሚገባኝን የጮኸብኝ ሰው እሷ ናት። አሁን ትመጣለች፣ ውሃ ትቀዳልኛለች፣ ታነብልኛለች፤ ዓይኔን ግን አታየኝም። አሁንም እየጻፈች አታየኝም። ልክ ናት። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ዘመነን ሳልይዝ ባዶ እጄን ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

አንተን በማውረዴ አልተጸጸትኩም። ይኸም ይጻፍ፣ ሰው ኸፈለገ ይጥላኝ። ዘመነን በማሳየቴ ግን አንድ ቀን ልቤ አርፎ አያውቅም። ሁለቱንም የሠራች አንዲት ጣት ናት፤ ለይቼ ልቆርጣት አልቻልኩም።

መጽሐፉ ይታተም። ያ ይታያል የሚሉት ሰው ኸፈለገ ይውሰደው፣ ካልፈለገ ደብረ ማርቆስም ማተሚያ ቤት አለ ትላለች። ስሜ ይግባ። ያለምወርቅ ተብሎ ይግባ፤ አንዲት ሴት እንዳትሉኝ። የውበቱ እጅ ያለበት ቦታ እጁ ይኑር፣ አወረደ ጫነ እውነት ነው። ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ።

አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስለኔ አፍህን ዘግተህ ኖርክ። ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። ግን ዝም በልልኝ ብዬ የጠየቅኩህ ቀን የለም።

አውርጄሃለሁ፤ ወርደሃል። እንግዲህ ተወኝ፣ እኔ ልናገር።

እናትህ
ያለምወርቅ